ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል ዘይት ስትመርጡ፦ ጂኤል-5 የጂኤል-4 ታላቅ ወንድም አይደለም

ጂኤል-4ና ጂኤል-5 የማርሽ ዘይት ዓይነት መለያዎች ናቸው። በጋራዥ ሥራ ደጋግሜ የማየው ስህተት ይህ ነው። ባለ 5 ሊትር ጂኤል-5 ዘይት ይገዛል፣ የሚበቃው ዲፈረንሻል ውስጥ ይገባል፣ የተረፈው «እንዳይባክን» ተብሎ ካምቢዮ ውስጥ ይጨመራል። ዲፈረንሻሉ ይስማማዋል። ካምቢዮው ግን ውሎ አድሮ ከአንድ ወደ ሁለት ወይም ከሦስት ወደ ሁለት ሲቀየር መንጨርጨር ሊጀምር ይችላል። ባለቤቱም «ፍሪሲዮን ነው»፣ «ማርሽ ተበልቷል» እየተባለ ያላስፈላጊ ወጪ ያወጣል። የስህተቱ መነሻ «5 ከ4 ስለሚበልጥ የተሻለ ነው» የሚለው እምነት ነው። ቁጥሩ ግን የጥራት ደረጃ ሳይሆን የሥራ ዓይነት መለያ ነው።

መጀመሪያ ዲፈረንሻሉን እንይ። ከካምቢዮ የሚመጣው ኃይል በፒኞን፣ ማለትም በትንሹ ማርሽ፣ በኩል ኮሮናውን፣ ማለትም ትልቁን ማርሽ፣ ያዞራል። በአብዛኞቹ በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ፒኞኑ የሚገጥመው በኮሮናው መሃል ትይዩ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው። ይህ አገጣጠም ሃይፖይድ ይባላል። ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ መንከባለል ብቻ ሳይሆን በርዝመታቸውም ይፋተጋሉ፣ ጫናው ከባድ ስለሆነም ዘይቱን ከመሃላቸው ጨምቆ ያወጣዋል። ብረት ከብረት የሚነካካበት ነጥብ በጣም ይግላል። እዚያ ነጥብ ላይ ዘይቱ ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። ፍትጊያው የሚልጠው ያንን ሽፋን ነው፣ ጥርሱ ይተርፋል። ጂኤል-5 ማለት ይህ ቅመም በብዛት የገባበት ዘይት ነው። ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ጂኤል-4 ወይም የሞተር ዘይት ከገባ ሽፋኑ አይበቃም። የጥርሱ ፊት ይቧጨራል፣ ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ዘይት ቢገባም የተቧጨረው ጥርስ አይመለስም።

ካምቢዮ ውስጥ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ማርሾቹ ገደድ ያለ ጥርስ ያላቸው ሆነው ጎን ለጎን በተቀመጡ ዘንጎች ላይ ስለሚዞሩ መፋተጉ የሃይፖይድን ያህል አይደለም። ነገር ግን በማርሾቹ መካከል የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች አሉ፣ ብዙዎቹም የሚሠሩት ከነሐስ ነው። ማርሽ ስትቀይሩ ቀለበቱ የማርሹን ሾጣጣ አንገት ይይዝና በፍትጊያ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል፣ ከዚያ ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል። ቀለበቱ ሥራውን የሚሠራው ሲፋተግ ነው። በውስጥ ፊቱ ላይ ያሉት ደቃቅ መስመሮች ዘይቱን ጠርገው ማስወጣትና አንገቱን መያዝ አለባቸው። እጅግ የሚያንሸራትት ዘይት ከገባ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ፍጥነቱ ሳይስተካከል ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በጂኤል-5 ውስጥ ያለው ንቁ ድኝ በሙቀት ላይ መዳብንና የመዳብ ቅይጦችን ያጠቃል፣ ነሐሱ ይጠቁራል፣ ደቃቆቹም መስመሮች እያለቁ ይሄዳሉ። ዛሬ ከሚመረቱት የጂኤል-5 ዘይቶች ብዙዎቹ ነሐስን እንዳይጎዱ ታስበው ስለሚቀመሙ ጉዳቱ ከበፊቱ ያነሰ ነው። የመንሸራተቱ ችግር ግን አሁንም አለ።

እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት አንድ ጽሑፍ አለ፤ በጣሳው ላይ «ጂኤል-4/ጂኤል-5» ይላል። ብዙ ሰው ለሁለቱም የተሠራ አድርጎ ይረዳዋል። በተግባር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ጂኤል-5 ነው፣ ጫና በመሸከም ረገድ ጂኤል-4ን ያሟላል ማለት ነው እንጂ ለነሐስ ቀለበት ይስማማል ማለት አይደለም። ጂኤል-4 ብቻ የሚጠይቅ ካምቢዮ ካላችሁ በጣሳው ላይ ጂኤል-4 ብቻ የሚል፣ ሲንክሮናይዘር ላላቸው ካምቢዮዎች ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኤፒአይ፣ ለሞተር ዘይት አምራቾች ፈቃድ ሰጥቶ ክብ ምልክቱን ያስለጥፋል። ለማርሽ ዘይት ግን እንዲህ ዓይነት ፈቃድ የለም። ጣሳው ላይ «ኤፒአይ ጂኤል-5» ተብሎ የተጻፈው አምራቹ ራሱ የሚናገረው ቃል ነው። ለዲፈረንሻል በገለልተኛ አካል ታይቶ የጸደቀ ዘይት የምትፈልጉ ከሆነ ኤስኤኢ (የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር) ጄ2360 የሚል ማረጋገጫ ይኑረው። ከወታደራዊው ሚል-ፒአርኤፍ-2105ኢ የወረደ መስፈርት ነው፣ የፈተና ውጤቱ ታይቶ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል። «መስፈርቱን ያሟላል» የሚለውና «ጸድቋል» የሚለው አንድ እንዳልሆኑ አስተውሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነበብ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ሁሉም ካምቢዮ የማርሽ ዘይት አይወስድም። ሆንዳ ለማኑዋል ካምቢዮዎቹ ኤምቲኤፍ የሚባል የራሱን ቀጭን ዘይት ያዛል፣ እሱ ከጠፋ 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ለጊዜው እንዲገባ በብዙ መጽሐፎቹ ላይ ፈቅዷል። ቦርግ ዋርነር ቲ5 የተባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ የሚሞላው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። በከባድ መኪና ላይ ያሉት የኢተን ፉለር ካምቢዮዎች ሲንተቲክ ኤስኤኢ 50 ይጠይቃሉ። የሱባሩ ማኑዋል ካምቢዮ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉን በአንድ ቤት ይዞ አንድ ዘይት ስለሚጋራ ኩባንያው ጂኤል-5 ያዛል፣ ሲንክሮናይዘሩም ለዚያ የታሰበ ነው። ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ነገር ግን የመጨረሻው ማርሽ ሃይፖይድ ስላልሆነ ጂኤል-4 ይበቃዋል። አንዳንድ አምራች «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ብሎ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እንዲህ ከተጻፈ ሁለቱም ይሠራሉ፤ እኔ ግን ምርጫው ሲሰጠኝ ለካምቢዮ ጂኤል-4ን እወስዳለሁ።

ውፍረቱን በተመለከተ «90 ከ40 በእጥፍ ይወፍራል» የሚለው አስተሳሰብ መታረም አለበት። የማርሽ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር በተለያየ ሜትር የተለኩ ናቸው። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የ90 ማርሽ ዘይት ውፍረት ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ነው። የ40 ሞተር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3፣ የ50ው ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ስለዚህ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት በሞተር ዘይት አቆጣጠር 40ና 50 አካባቢ ይውላል። 140 ግን ከ24 ሴንቲስቶክ በላይ ነው፣ ልዩነቱም በእጅ ይታወቃል።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል። መለኪያው የዘይቱ ውፍረት 150,000 ሴንቲፖይዝ (ሌላ የውፍረት መለኪያ) ሳያልፍ የሚደርስበት ቅዝቃዜ ነው። ለ75ደብሊው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ ለ80ደብሊው ከዜሮ በታች 26፣ ለ85ደብሊው ከዜሮ በታች 12 ነው። «እኛ ጋ በረዶ የለም፣ ምን አገባን» ሊባል ይችላል። ዲፈረንሻል ላይ እውነት ነው፣ 80ደብሊው-90 በቂ ነው። ካምቢዮ ላይ ግን ጠዋት ላይ ይታወቃል። መኪናው ሲያድር ሁለተኛ ማርሽ እንቢ የሚል፣ 5 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የሚለሰልስ ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ዘይቱ ለሱ መወፈሩ ነው። ወደ 75ደብሊው-90 ወይም መጽሐፉ ከፈቀደ ወደ 75ደብሊው-80 ሲወርድ ይስተካከላል። ተቃራኒው ከሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚንጨረጨር ከሆነ፣ ወይ ዘይቱ ቀጥኗል ወይ ቀለበቱ አልቋል።

ለዲፈረንሻል 85ደብሊው-140 የሚገባው በሙቀት ውስጥ ከባድ ጭነት ለሚጎትት መኪና፣ ያውም መጽሐፉ ሲፈቅድ ነው። የወፈረ ዘይት ማርሹን የሚቃወም ጉልበት ስላለው ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ነዳጅም ይበላል። የሚያለቅስ ዲፈረንሻል ላይ 140 ሲጨመር ድምፁ ይቀንሳል። በሽታው ግን አልተነካም፣ ተሸፈነ እንጂ። መኪና ለመግዛት ስታዩ ዲፈረንሻሉን ከፍታችሁ በጣም ወፍራም ዘይት ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ኋላው ላይ ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ፣ ያለው መኪና ከሆነ ተራ ጂኤል-5 ብቻ አይበቃም። በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን የተደራረቡ ሳህኖች አሉ፣ የሚፋተጉትም በልኩ እንዲሆን ልዩ ቅመም ይፈልጋሉ። ቅመሙ ከሌለ በዝግታ ስትጠመዝዙ ከኋላ ኩርኩርታና ንዝረት ይሰማል። «ኤልኤስ» (ሊሚትድ ስሊፕ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ዘይት ግዙ፣ ወይም ቅመሙን ለብቻው መጽሐፉ ባለው መጠን ጨምሩ። ከሞላችሁ በኋላ በሰፊ ሜዳ ላይ በዝግታ የ8 ቅርፅ እየሠራችሁ አሥር ያህል ዙር ብትነዱት ዘይቱ በሳህኖቹ መሃል ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታ፤ የማፍሰሻው አይነካ። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ ዘይቱ ይፈስና የመሙያው ቡሎን ዝጎ ወይም ጥርሱ ተበልቶ አልፈታ ይላል፣ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቆማል። የመሙያው እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጥቂት ቆዩ፣ በመዶሻ ፊቱን ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ከዚያ በልኩ በሚሆን ቁልፍ ሞክሩ። ሰፋ ያለ ቁልፍ የቡሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ከመፍታታችሁ በፊት በቡሎኑ ዙሪያ ያለውን ጭቃና አቧራ በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፤ ቀዳዳው ሲከፈት ያ አሸዋ የሚገባው ኩሽኔታው ላይ ነው።

ዘይቱ ሞቅ ሲል ይፍሰስ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር መንዳት ይበቃል። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን አንሳፍፎ ይዞ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ግን ግማሹን ሥር አስቀርቶ ይወርዳል። እጅ እንዳያቃጥል ብቻ ተጠንቀቁ። መኪናው ሜዳ ላይ፣ በአራቱም ጎን ሚዛኑን ጠብቆ ይቁም። በክሪክ አፍንጫው ብቻ ተነስቶ የተሞላ ካምቢዮ ልኩ ሐሰት ነው። ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ድጋፍ ሳታስገቡ ከሥር እንዳትገቡ።

የወጣውን ዘይት ነጭ ዕቃ ላይ ተቀበሉና ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ይህ አምስት ደቂቃ ብዙ ይናገራል። በማፍሰሻው ቡሎን ላይ ማግኔት ካለ ግራጫ ለጥ ያለ ጭቃ ይዞ ይወጣል። በሁለት ጣት አሹት። እንደ እርሳስ ዱቄት ልስልስ ካለ የተለመደ መበላት ነው፣ ጠርጋችሁ መልሱ። ጣት ላይ ከቆረቆረ፣ እንደ መርፌ ጫፍ የሚያበራ ስንጥር ካለበት ኩሽኔታ እየተላጠ ነው። አንድ ፊቱ ለስላሳና የሚያንጸባርቅ፣ ሌላው ሻካራ የሆነ ቁራጭ የጥርስ ስብራት ነው፤ እሱ ከተገኘ ዘይት ሞልቶ መሄድ የለም፣ ቤቱ ይከፈታል። ካምቢዮ ውስጥ ወርቃማ ብልጭታ በዘይቱ ላይ ከተንሳፈፈ የሲንክሮ ቀለበት ነሐስ ነው። ማግኔት ነሐስን ስለማይዝ ቡሎኑ ንጹሕ ሆኖ ዘይቱ በወርቃማ ዱቄት ሊሞላ ይችላል፣ ነጭ ዕቃ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ወተት እንደገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። የድኝ ሽታ ግን አያስደንግጣችሁ፣ የጂኤል-5 ተፈጥሮ ነው። ቀለምም ምንም አይለይም፣ አምራቹ የፈለገውን ይቀባዋል።

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተንጠባጥቦ ካለቀ በኋላ የማፍሰሻውን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ መልሱ። በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ውስጡን ማጠብ አልመክርም። የሚቀረው ጥቂት ፈሳሽ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። አዲሱን ዘይት በእጅ ፓምፕ ወይም በትልቅ ሲሪንጅ ከነቀጭን ቱቦው አስገቡ። በብርድ ወፍሮ አልወርድ ካለ ጣሳውን ለጥቂት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። የትንሽ መኪና ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ 2 ሊትር አካባቢ ይይዛል፣ የፒክአፕ ካምቢዮም የኋላ ዲፈረንሻልም እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 3 ሊትር ይወስዳሉ። ትክክለኛው መጠን ግን መጽሐፉ ላይ ያለው ነው። ልኩ የሚታወቀው ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ላይ ደርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ጣታችሁን ጫፉን አጥፋችሁ ብታስገቡ ከከንፈሩ ሥር ዘይቱ መነካት አለበት። ዲፈረንሻል ሲሞላ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ተመልከቱ። ዘይቱ ወደ ጎማ ዘንጎቹ ቱቦ ውስጥ ስለሚሄድ ልኩ ይወርዳል፣ ያኔ ጥቂት ጨምሩ። መዝጊያውን ቡሎን መጽሐፉ ባለው ልክ አጥብቁ። የአልሙኒየም ቤት ላይ ከልክ በላይ መጎተት ጥርሱን ይነቅላል።

መጉደልም መብዛትም የየራሱ ጉዳት አለው። ሲጎድል ዲፈረንሻል ላይ ቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ ነው፣ ምክንያቱም ዘይት የሚያገኘው ኮሮናው እየዞረ ሲረጭለት ብቻ ነው። ሲበዛ ማርሹ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ጥርስን አይጠብቅም፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ትርፉ በኦይል ሲሎቹ በኩል መውጫ ይፈልጋል።

መተንፈሻው የተረሳ ትንሽ ነገር ነው፣ ብዙ ጉዳት ግን ከሱ ይመጣል። በዲፈረንሻሉ ላይ፣ አንዳንዴም በላስቲክ ቱቦ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ቆብ መሰል ክፍል ነው። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ ይሰፋና በዚያ ይወጣል። በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ ኦይል ሲሉን ይገፋል፣ ዘይቱም በጎማ ዘንጉ በኩል ወጥቶ ታምቡሩ ውስጥ ፍሬኑን ይቀባል። ኦይል ሲል ተቀይሮ በወሩ ደግሞ ካፈሰሰ መጀመሪያ መተንፈሻውን ፈትታችሁ ንፉበት። ጥልቅ ውሃ መሻገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ከዲፈረንሻሉ መሃል በላይ ከደረሰ ዘይቱን በማግስቱ ተመልከቱት፣ የነጣ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት።

ማርሽ ሲንጨረጨር ዘይት ከመወንጀላችሁ በፊት ፍሪሲዮኑን ፈትኑ። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁና ሪቨርስ አስገቡ። የብዙ ካምቢዮዎች ሪቨርስ ሲንክሮናይዘር የለውም። ጠብቃችሁም ከተንጨረጨረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም፣ የትኛውም ዘይት አያስተካክለውም። ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ እየሠራ ቆሞ የሚያጉረመርም ካምቢዮ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ካለ ደግሞ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል።

ጂኤል-4 በሚፈልግ ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 ገብቶ ከሆነ ቶሎ ሲደረስበት ብዙ ጊዜ ቀለበቱ ይተርፋል። አፍስሱት፣ ትክክለኛውን ሙሉ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና አፍስሱና ሙሉ። በአንድ ጊዜ ማፍሰስ የቤቱን ጥጋጥግና የኩሽኔታዎቹን ውስጥ አያጸዳም። በጠርሙስ የሚሸጡ «ፍትጊያ የሚቀንሱ» ተጨማሪ ቅመሞችን ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ። ቀለበቱ የሚፈልገው ፍትጊያ ነው፣ እነሱ ደግሞ የሚያጠፉት እሱኑ ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ መጽሐፉ ካላለ ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር መካከል ተገቢ ነው። ጭነት የሚጎትት፣ ውሃ የሚሻገር ወይም አቧራ ውስጥ የሚውል መኪና ከሆነ በግማሹ ቀይሩት። ኮሮናና ፒኞኑ አዲስ የተገጠመለት ዲፈረንሻል የመጀመሪያ ዘይቱን ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይለቅ። አዲስ ጥርሶች ሲላመዱ የሚረግፈው ዱቄት በዚያን ጊዜ ነው የሚበዛው። ዘይቱን ስትቀይሩ የዘይቱን ዓይነት፣ ውፍረቱን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማይለቅ ቀለም ጽፋችሁ በኮፈኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ለጥፉት፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ለየብቻ።